በተራራ ላይ ለምትሠሩ ልጆቼ

ልጆቼ፣

ከሠራኋቸው ሕንፃዎች መካከል ዛሬም ባየሁት ቁጥር የሚያመኝ በወሎ፣ በአንድ ተዳፋት ላይ የቆመ የእንግዳ ማረፊያ ነው። ወጣት ነበርኩ። በሜዳ የለመድኩትን ሰፊ ወለል ይዤ ወጣሁና ለእሱ ስል ተራራውን አስቆረጥኩት። የተቆረጠውን አፈር ለመያዝ ከሕንፃው የሚገዝፍ ደጋፊ ግድግዳ ተሠራ። ሥራው አልቆ ከሸለቆው ማዶ፣ ከገበያው ቦታ ሆኜ ስመለከት ጎልቶ የታየኝ ቁስሉ ነበር። አጠገቤ የቆሙ አንድ አዛውንት ገበሬ «ምነው ልጄ፣ ተራራውን ምን በላው?» አሉኝ። መልስ አልነበረኝም።

ስለዚህ እርሳስ ከማንሳታችሁ በፊት ማዶ ተሻገሩ። ሰው ሕንፃችሁን አብዛኛውን ጊዜ የሚያየው ከዚያ ነው። ከዚያ ስሌቱን ሥሩ፦ በ100 ሜትር 30 ሜትር በሚወርድ ተዳፋት ላይ ወደ ቁልቁለቱ 20 ሜትር የሚዘልቅ ወለል ብታስቀምጡ የ6 ሜትር ልዩነት ይገጥማችኋል። ሕንፃውን በኮንቱሩ፣ ማለትም እኩል ከፍታ ያላቸውን ቦታዎች በሚያያይዘው መስመር፣ አቅጣጫ አስረዝማችሁ ጥልቀቱን 8 ሜትር ብታደርጉት ልዩነቱ 2 ሜትር ከ40 ብቻ ነው። እርከን የሚሠራ ገበሬ ይህን ያለ ካልኩሌተር ያውቀዋል።

ቀጥሎ ቀለሙ። አርማታ ግራጫ ነው እያላችሁ አረንጓዴና ቡናማ ትቀቡታላችሁ፤ እባካችሁ ተዉት። ፎርምወርኩ፣ ማለትም አርማታው የሚፈስበት ቅርጽ ማውጫ፣ ሲነሣ የምታዩት ግራጫ ስስ የሲሚንቶ ቆዳ ነው። ግንበኛው በመዶሻና በመሮ ጥቂት ሚሊ ሜትር ሲያነሣው ጠጠሩ ብቅ ይላል። ጠጠሩና አሸዋው ከዚያው አካባቢ የመጡ ከሆኑ፣ ግድግዳው የተራራውን ቀለም ይዞ ይወጣል። ታዲያ በአርማታው ውስጥ ያለውን ብረት (ፌሮውን) የሚሸፍነውን ውፍረት በሚነሣው ልክ አስቀድማችሁ ጨምሩ፤ ይህን የዘነጋ ሰው ከዓመታት በኋላ ዝገት ያያል።

በፈረንሳይ አልፕስ፣ 1,600 ሜትር ከፍታ ላይ ፍሌን የሚባል የበረዶ መንሸራተቻ ከተማ አለ። እ.ኤ.አ. በ1969 የተከፈተ ነው፤ የነደፈው አርክቴክቱ ማርሴል ብሮየር ነው። የእሱ ሕንፃዎች በአብዛኛው በአርማታ የተሠሩ፣ ከኖራ ድንጋዩ ገደል ጋር የተዛመዱ ናቸው። የፊት ገጽ ፓነሎቹ ጠፍጣፋ አይደሉም፤ እንደ ተጠረበ አልማዝ ጎንና ጎን አላቸው። ፀሐይዋ ስትዞር አንዱ ጎን ይበራል፣ ሌላው ጥላ ይሆናል፤ ልክ ከኋላው እንዳለው ገደል። ሰውየው ከድንጋዩ የወሰደው ጥላውን ነው። ለእኔ ትልቁ ትምህርት ይህ ነበር።

የጣሪያውን ውኃ በአሸንዳ ሰብስባችሁ ከግድግዳው አርቁት፤ አለበለዚያ ጥቁር መስመር እየሠራ ይወርዳል።

የመጨረሻ ልመናዬ ይህ ነው። ግንቦት ላይ፣ ክረምቱ ሳይገባ፣ ከምትጠቀሙበት ጠጠርና አሸዋ አንድ ሜትር በአንድ ሜትር የሆነ የናሙና ግድግዳ በቦታው አቁሙ። ዝናቡ ይምታው። ነሐሴ ላይ እንደረጠበ፣ መስከረም ላይ እንደደረቀ ከማዶ ሆናችሁ እዩት። ባለቤቱ ቢቸኩልም እናንተ ጠብቁ።