ለሹም «ኖር» ማለት ግዴታ ነው?

ጥያቄ፦ መምህር፣ እንደምን ሰነበቱ? የምጽፍልዎ ከመንዝ ነው። የሚካኤል ጽዋ ማኅበር አለን። ባለፈው ወር ተረኛው ቤት ዝክሩን እየቀመስን ሳለ አንድ የወረዳ ሹም ገባ። ሁሉም «ኖር!» ብሎ ተነሣ። እኔ ቁጭ እንዳልኩ ቀረሁ። ይህ ሰው የአባቴን የመሬት ጉዳይ ሁለት ዓመት ሙሉ «ነገ ና» እያለ አጉላልቶታል። ዓይን ዓይኑን እያየሁ አልነሣ አልኩት። እውነቱን ልንገርዎና ደስ አለኝ። በኋላ ቄሱ «ሹም የሚሾመው እግዚአብሔር ነው፤ ንስሐ ግባ» አሉኝ። ሰው ወንበር ስለያዘ ብቻ መከበር አለበት?

መልስ፦ ልጄ፣ እንኳን ጻፍክልኝ። ቄሱን አትቀየማቸው፤ ግማሹን ልክ ብለዋል። የሚያጣላን የቀረው ግማሽ ነው። እሱን ከደብረ ብርሃን እስከ መሐል ሜዳ በሄድኩበት ሁሉ እሰማዋለሁ። ለቅሶ ቤት፣ ጠበል ቦታ፣ ሰንበቴ ላይ «ሹመት ከእግዚአብሔር ነው» ይባላል። ከዚያ ሰዉ ለሁለት ይከፈላል። አንዱ «ስለዚህ ሹሙ ያደረገው ሁሉ ልክ ነው» ብሎ አፉን ይይዛል። ሌላው «ይህ ሌባ ከእግዚአብሔር ከሆነማ» ብሎ መጽሐፉንም ቤተ ክርስቲያኑንም ይሸሻል። ሁለቱም የሳቱት አንዲት ጥቅስ ላይ ነው።

«ከእግዚአብሔር ካልተገኘ በቀር ሥልጣን የለምና» (ሮሜ 13፥1)። ቅዱስ ዮሐንስ አፈወርቅ ይህን ሲተረጉም ያንተኑ ጥያቄ ያነሣል። ታዲያ እያንዳንዱን ገዢ የሾመው እግዚአብሔር ነው? ብሎ ይጠይቅና፣ እሱን አላለም ይላል። ሐዋርያው የተናገረው ስለ ሥልጣን ነው እንጂ ስለ እያንዳንዱ ባለ ሥልጣን አይደለም። ዳኛ መኖሩ፣ ሕዝብ እንደ ባሕር ሞገድ አለመናወጡ የእግዚአብሔር ጥበብ ነው። ምሳሌም ይሰጣል። ጋብቻን የሠራ እግዚአብሔር ነው፤ ተጋብተው የምናያቸውን ሁሉ ግን እሱ አጋባቸው አንልም። በኛ አገር ስንቱን ጋብቻ በሬና ማሳ እንዳጋባው አንተም ታውቃለህ። ተክሊሉ ግን በዚያ ምክንያት ቅድስናው አልቀረም።

ጳውሎስ ይህን የጻፈው ደግሞ ደግ ንጉሥ አግኝቶ አይደለም። በሮም ዙፋን ላይ የነበረው ኔሮን ነው። ሐምሌ 5 የምናከብረው ሰማዕትነቱም የመጣው በዚያው በኔሮን እጅ ነው።

ወንበር የያዘ ሁሉ የእግዚአብሔር ምርጫ ከሆነ አቡነ ጴጥሮስን ምን ልንላቸው ነው? የፍቼ ልጅ ናቸው፤ የኛው የሸዋ ሰው። ጣሊያን አዲስ አበባን ሲይዝ አርበኞቹን አውግዙ ተባሉ። እምቢ አሉ። ሐምሌ 22 ቀን 1928 ዓ.ም. አደባባይ ላይ ረሸኗቸው። መሣሪያውም ቢሮውም ማኅተሙም የፋሺስቱ ነበር። ቤተ ክርስቲያን ሰማዕት ያለችው ግን እሳቸውን ነው።

«እሱማ ወራሪ ነው» ትለኝ ይሆናል። እሺ፣ የራሳችንን ንጉሥ ልጥራልህ። በ14ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የደብረ ሊባኖሱ አቡነ ፊልጶስ ዓፄ ዓምደ ጽዮንን በጋብቻው ነገር ገሥጸዋል። ዋጋቸው ግርፋትና ስደት ሆነ። ዘውዱ ንጉሡን ከተግሣጽ አላስጣለውም።

እዚህ ላይ ግን «በለው!» እንዳትል። አልጨረስኩም።

ጳውሎስ በሸንጎ ፊት ቆሞ ሳለ ሊቀ ካህናቱ ሐናንያ አፉን እንዲመቱት አዘዘ። ጳውሎስም ሰው ነውና ተናደደ። «አንተ በኖራ የተለሰነ ግድግዳ» አለው። አስከትሎም «አንተ በሕግ ልትፈርድብኝ ተቀምጠህ ሳለህ ያለ ሕግ እመታ ዘንድ ታዛለህን?» አለ። የቆሙት ሰዎች ሊቀ ካህናቱን ትሳደባለህን? ቢሉት፣ ሊቀ ካህናት መሆኑን ባላውቅ ነው፤ «በሕዝብህ አለቃ ላይ ክፉ ቃል አትናገር» ተብሎ ተጽፏልና አላቸው (ሐዋ. 23፥1-5)።

እስቲ ደግመህ አንብበው። «ግድግዳ» ያለውን መለሰ። «ያለ ሕግ» ያለውን አልመለሰም። ስድቡን አነሣ፣ ክሱን እዚያው ተወው። እኛ ተገላቢጦሹን ነን። ያለ ሕግ የተደረገብንን ፊት ለፊት ዝም ብለን እንውጣለን። ሰውየው ጀርባውን ሲሰጠን ግድግዳ እንለዋለን።

ወጣቶች «ጌታም ሄሮድስን ቀበሮ ብሎታል» ይሉኛል (ሉቃ. 13፥32)። ብሎታል። ሊገድለው እንደሚፈልግ ተነግሮት፣ ወደ ኢየሩሳሌም መንገዱን ሳያቆም ነው ያለው። በሐሰት ስም አካውንት ከፍቶ ሌሊት ላይ ሹም የሚሳደብ ልጅ ይህን ጥቅስ ሲያነሣብኝ ሳቄ ይመጣል።

እኔም ንጹሕ አይደለሁም። አንድ ዓመት በንግሥ በዓል ላይ አንድ ባለ ሥልጣን ተጋብዞ ነበር። ለቤተ ክርስቲያናችን ጣሪያ ቆርቆሮ እሰጣለሁ ብሏል። እኔ ደግሞ ስብከቴን ስለሱ ቸርነት ጀመርኩ፣ ስለሱ ጨረስኩ። ሕዝቡ በምን እንደሚያማርረው እያወቅሁ ነው። ስወርድ አንዲት እናት ጠጋ ብለው «የኔታ፣ የዛሬው ንግሥ የማን ነበር?» አሉኝ። ቆርቆሮው መጣ። ዝናብ በጣለበት ቁጥር ግን ድምፁ ያንን ቀን ያስታውሰኛል። አክብሮት ያልኩት ነገር ማሽቃበጥ ነበር። ሰውየውንም በደልኩት። እውነቱን ሊነግረው የሚገባ አንድ ሰው በዚያ ቀን ቢኖር እኔ ነበርኩ።

አሁን ወዳንተ ልምጣ። መነሣት ነበረብህ።

ለምን ብትል፣ አንተ ቤት እረኛ ቢገባም፣ የማታውቀው መንገደኛ ቢገባም «ኖር» ትለዋለህ፤ እሱም «በእግዜር» ይልሃል። ማንም በሹመቱ ያገኘው ሰላምታ አይደለም። ሐዋርያው ጴጥሮስም «ንጉሥን አክብሩ» ከማለቱ በፊት «ሁሉን አክብሩ» ብሏል (1ጴጥ. 2፥17)። አንተ ያን ቀን የነፈግኸው ለሹም የሚሰጠውን ብቻ መስሎህ ነው። ለሰው የሚሰጠውንም ነፍገኸዋል። ያውም የሚካኤል ዝክር በቀረበበት ቤት። ንስሐ የምትገባበት ካለ ቁጭ ማለትህ ሳይሆን ያ «ደስ አለኝ» ያልከው ነው። ቂም እንጂ ድፍረት አልነበረም። ድፍረት ቢሆንማ ሁለት ዓመት ሙሉ ቢሮው ላይ ነበር የሚታየው።

ከዚህ ያለፈ ዕዳ ግን የለብህም። የሠራውን ግፍ ደግ ነው ማለት፣ ለፋሲካ ሙክት መንዳት፣ በአባትህ ላይ የደረሰውን መዋጥ አክብሮት አይደለም። ዳንኤል ከአንበሶቹ ጉድጓድ ሆኖ «ንጉሥ ሆይ፥ ሺህ ዓመት ንገሥ» አለ። በዚያው አፍ ደግሞ በፊትህም አልበደልሁም አለው (ዳን. 6፥21-22)። እዚያ የጣለው የንጉሡ ትእዛዝ መሆኑን አትርሳ። ጳውሎስም የሹማምንቱ ማጓተት ሲበዛበት «ወደ ቄሣር ይግባኝ» ብሏል (ሐዋ. 25፥11)። ይግባኝ መንፈሳዊ ያልሆነ ነገር የሚመስላቸው አሉ። ሐዋርያው ተጠቅሞበታል።

ስለዚህ በ12 ሰውየው ከመጣ ተነሥተህ «ኖር» በለው። ቦታም ልቀቅለት፣ ጠላውንም ቅዳለት። እዚያ ስለ መሬቱ አንዳች አታንሣበት። በ13 ማለዳ ከአባትህ ጋር ቢሮው በር ላይ ተገኝ። አቤቱታውን በጽሑፍ አድርገው፤ ሁለት ዓመት የተመላለሳችሁባቸውን ቀኖች የምታስታውሷቸውን ያህል ጻፉበት። «ነገ ና» ካላችሁ ወደ በላዩ ውሰዱት። መዝገብ ቤት ቁጥር ሳታሲዝ ደግሞ እንዳትወጣ።