ለጡረታ አክሲዮን ለሚገዙና ለሚፈሩ የጅማ ልጆች

ልጆቼ፣

ሰሞኑን ቤቴ ሊጠይቀኝ የሚመጣ ወጣት ሁሉ ከሰላምታው ቀጥሎ የሚያነሳው አክሲዮንን ነው። ገሚሱ «ጋሼ፣ ገበያው ገና መከፈቱ ነው፤ አሁን የገባ ይከብራል» ይለኛል። ገሚሱ ደግሞ «ላቤን አፍስሼ ያገኘሁትን ለወረቀት አልሰጥም» ይላል። ዕድሜዬን በሒሳብ ሥራ ያሳለፍኩ ሰው ነኝ። አብዛኛውን ጊዜ እዚሁ ጅማ የሠራተኛ ደመወዝና የጡረታ ፎርም ስሠራ ነው የኖርኩት። ስለዚህ ለሁለቱም ወገን የምለው አለኝ። ገበያው ይወጣል ወይስ ይወርዳል ብላችሁ ከመጨነቃችሁ በፊት ያ ገንዘብ መቼ እንደሚያስፈልጋችሁ እወቁ። መድፈርም መጠንቀቅም የሚወሰነው በዚያ ነው።

መጀመሪያ መንግሥት የሚከፍላችሁን ጡረታ እወቁት። በግል ድርጅት የምትሠሩ ከሆነ ከደመወዛችሁ 7 በመቶ ይቆረጣል፣ አሠሪያችሁም 11 በመቶ ይጨምራል። ይህ ገንዘብ በስማችሁ ተለይቶ የሚጠራቀም ቁጠባ አይደለም። ወደ ጋራው የጡረታ ፈንድ ይገባል፤ እናንተም 60 ዓመት ሲሞላችሁ በቀመር የተሰላ አበል ይከፈላችኋል። ለመጀመሪያዎቹ 10 የአገልግሎት ዓመታት የመጨረሻዎቹ 3 ዓመታት አማካይ ደመወዝ 30 በመቶ ይያዛል፤ ከዚያ በላይ ለእያንዳንዱ ዓመት 1.25 በመቶ ይጨመራል፤ ጣሪያው 70 በመቶ ነው። 30 ዓመት ያገለገለና አማካይ ደመወዙ 12,000 ብር የሆነ ሰው 55 በመቶ፣ ማለትም በወር 6,600 ብር ያገኛል። አንድ የጥበቃ ሠራተኛ ይህን ሒሳብ ሠርቼ ስሰጠው ወረቀቱን ወደ መስኮቱ አስጠግቶ ደጋግሞ አነበበውና «የቤት ኪራዬን ከፍዬ ምን ይተርፈኛል?» ሲል ጠየቀኝ። እንዲህ ያለ ጥያቄ በ30 ዓመት ዕድሜ ቢጠየቅ መልስ አያጣም። በ60 ዓመት ሲጠየቅ ግን ከባድ ነው።

አሜሪካ ያሉ ዘመዶቻችሁ ፎር-ኦ-ዋን-ኬ (401(k)) ስለሚሉት የጡረታ ቁጠባ ሲያወሩ ሰምታችሁ ይሆናል። እዚያ ሠራተኛው የጡረታ ገንዘቡ ምን ያህሉ አክሲዮን ላይ፣ ምን ያህሉ ቦንድ (ወለድ የሚከፈልበት የብድር ሰነድ) ላይ እንደሚውል ራሱ ይመርጣል። የእኛ መዋጮ ላይ እንዲህ ያለ ምርጫ የለንም። ምርጫችን ከመዋጮው በላይ በራሳችን በምንቆጥበው ላይ ነው፤ ቀጥሎ የምለውም ስለዚያ ገንዘብ ነው።

አክሲዮን የምትፈሩት ልጆች፣ ፍርሃታችሁ ከየት እንደመጣ ይገባኛል። በንጉሡ ዘመን አዲስ አበባ ውስጥ አክሲዮን ይገበያይ ነበር። በ1967 ደርግ ባንኮቹን፣ ኢንሹራንሶቹንና ፋብሪካዎቹን ሲወርስ ባለአክሲዮኖቹ ወረቀታቸውን ታቅፈው ቀሩ። ወላጆቻችን መሬትና ከብት፣ ቤትና ወርቅ ይሻላል ያሉት ያንን አይተው ነው፤ አልተሳሳቱም። ነገር ግን ገንዘብን በባንክ ደብተር ብቻ ማስቀመጥ ጥንቃቄ ይመስላል እንጂ አይደለም። የቁጠባ ወለድ ዝቅተኛው 7 በመቶ በነበረበት ጊዜ በ2014 የዋጋ ንረቱ ከ30 በመቶ በላይ ነበር። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የውጭ ምንዛሪ ለገበያ ሲለቀቅ ደግሞ 57 ብር ገደማ ይመነዘር የነበረው ዶላር በጥቂት ቀናት ውስጥ 100 ብር አለፈ። ደብተሩ ላይ ያለው ቁጥር አልቀነሰም። የሚገዛው ጤፍና ዘይት ግን ቀነሰ፤ ይህን ኪሳራ ደግሞ ማንም ደብዳቤ ጽፎ አያሳውቃችሁም። ለ35 ዓመት የሚቀመጥን ገንዘብ በዚህ ዓይነት ቦታ መተው በእርግጠኝነት መክሰር ነው።

ወደ ደፋሮቹ ልምጣ። ጥር 2 ቀን 2017 አክሲዮንና የመሳሰሉት ሰነዶች የሚገዙበትና የሚሸጡበት የኢትዮጵያ ሰነደ ሙዓለ ንዋዮች ገበያ በአዲስ አበባ በይፋ ሲከፈት እኔም ደስ ብሎኛል፤ ለእናንተ ትውልድ ትልቅ በር ነው። አክሲዮኑ እዚያ እንዲገበያይ መጀመሪያ የተመዘገበው ድርጅት ወጋገን ባንክ ነበር። ከዚያ በፊት፣ በጥቅምት 2017፣ ኢትዮ ቴሌኮም አንዱን አክሲዮን በ300 ብር፣ ቢያንስ 33 አክሲዮን እያለ በቴሌብር ማቅረብ ጀምሮ ነበር፤ 9,900 ብር ያለው ሰው ከጅማ ሳይነሳ የአገሪቱ ትልቅ ድርጅት ባለድርሻ መሆን ቻለ። ይህ ጥሩ ነገር ነው። ያስፈራኝ የገዙት ልጆች በዓመቱ እጥፍ ይሆናል ብለው ማውራታቸው ነው።

ጎረቤታችን ኬንያ ሳፋሪኮም በሚባለው የስልክ ድርጅት ላይ የሆነውን ተመልከቱ። እ.ኤ.አ. በ2008 አንዱ አክሲዮን በ5 ሽልንግ ሲሸጥ ሰዉ ተሻምቶ ገዛ፤ ብድር የወሰደም ነበር። ዓመት ሳይሞላ ዋጋው ከ3 ሽልንግ በታች ወረደ። ደንግጦ የሸጠ ከሰረ። የጠበቀው በ2021 ከ40 ሽልንግ በላይ ሲሆን አየ፤ በ2023 ደግሞ ከ15 ሽልንግ በታች መውረዱንም አየ። ድርጅቱ በእነዚህ ዓመታት ሁሉ ያው ነው፤ ሲሠራና ሲያተርፍ ነው የኖረው።

የጅማ ልጅ ይህን ለመረዳት ብዙ ማብራሪያ አያሻውም፣ ቡናን ያውቃልና። እ.ኤ.አ. በ2001 የአረቢካ ቡና በዓለም ገበያ አንድ ፓውንዱ ከ50 የአሜሪካ ሳንቲም በታች ወርዶ ነበር። በ2025 መጀመሪያ ያው አንድ ፓውንድ ከ4 ዶላር አለፈ። በዚያ በክፉው ጊዜ ቡናውን ነቅሎ ጫት የተከለ ገበሬ ብዙ ነው። የነቀለው የቡናን ጥቅም ስላላወቀ አልነበረም። ዕዳ ነበረበት፤ ልጆቹም በዚያው ዓመት መብላት ነበረባቸው። በጓሮው በቆሎ የነበረውና ከዕዳ ነፃ የሆነው ግን የቡና እግሩን ሳይነቅል ጠበቀ። በአክሲዮንም ቢሆን ዋጋ ሲወድቅ ሰውን የሚያድነው ጀግንነቱ ሳይሆን ለጊዜው የሚበላው ሌላ ነገር መኖሩ ነው።

ስለዚህ ተበድራችሁ አክሲዮን አትግዙ። በሦስት ዓመት ውስጥ ለሠርግ፣ ለትምህርት ወይም ለቤት የምትፈልጉትን ገንዘብም አታስገቡበት። የስድስት ወር ወጪያችሁን ባንክ አስቀምጡ፤ እርሱ በቆሏችሁ ነው፣ ወለዱ ቢያንስም ግድ የለም። ከዚያ የተረፈውን፣ 28 ዓመታችሁ ከሆነ፣ አብዛኛውን አክሲዮን ላይ ብታውሉት አልቃወምም። ሠላሳ ዓመት ከፊታችሁ አለ። 50 ሲሞላችሁ ግን በየዓመቱ ጥቂት ጥቂት እያወጣችሁ የግምጃ ቤት ሰነድን (ለመንግሥት የሚሰጥ የአጭር ጊዜ ብድር) እና የጊዜ ገደብ ተቀማጭን (እስከ ተወሰነ ቀን የማይነካ የባንክ ቁጠባ) ወደመሳሰሉት ማዛወር ጀምሩ። የአሜሪካ የአክሲዮን ገበያ እ.ኤ.አ. ከ2007 መጨረሻ እስከ 2009 መጀመሪያ ከግማሽ በላይ ወድቆ ወደ ነበረበት የተመለሰው በ2013 ነው፤ የ35 ዓመቱ ሠራተኛ ሳይጎዳ አለፈ፣ ገበያው በወደቀበት ዓመት ጡረታ ሊወጣ የነበረው ግን ሥራው ላይ ለመቆየት ተገደደ።

«ዝም ብሎ መጠበቅ ሁሉንም ይፈታል» የምትሉም እንዳላችሁ አውቃለሁ። ኒኬይ የሚባለው የጃፓን የአክሲዮን ገበያ መለኪያ እ.ኤ.አ. በ1989 መጨረሻ የደረሰበትን ከፍታ መልሶ ያለፈው በ2024 ነው። 34 ዓመት የአንድ ሰው ሙሉ የሥራ ዘመን ነው። ያ ገበያ ጣሪያ ነክቶ በነበረበት ጊዜ ያለውን ሁሉ በአንድ ቀን ያስገባ ሰው በትዕግሥቱ ብቻ አልዳነም። በየዓመቱ ጥቂት ጥቂት የገዛው ግን ውዱንም ርካሹንም ስላገኘ የተሻለ ሆነለት። ዕቁባችሁ ሲደርሳችሁ ከእርሱ ላይ የተወሰነውን ለዚህ መመደብ ጥሩ ዘዴ ነው፤ መዋጮውን ሳታዛቡ መክፈል ለምዳችኋልና።

ገንዘብን በተለያየ ዘርፍ ማከፋፈል ላይ ግን አጥብቄ የምናገረው አለኝ። ብዙ ሰው የአራት ባንክ አክሲዮን ይዞ ገንዘቡን ያከፋፈለ ይመስለዋል። አላከፋፈለም። እ.ኤ.አ. በ2011 ብሔራዊ ባንክ የግል ባንኮች ከሚያበድሩት 27 በመቶውን የእርሱን ቢል (ለእርሱ የሚያበድሩበትን ሰነድ) እንዲገዙበት ሲያዝ፣ በእኛ አቆጣጠር ነሐሴ 2015 ላይም የብድር ዕድገትን በዓመት 14 በመቶ ሲገድብ፣ ትእዛዙ የደረሰው ለአንዱ ባንክ ብቻ አልነበረም፤ ሁሉም በአንድ ቀን ተነኩ። አሁን የውጭ ባንኮች እንዲገቡ ሕጉ ፈቅዷል፤ ሲገቡ የሚሰማው ጫናም እንዲሁ የሁሉም ነው። ስለዚህ ከባንክ ውጭ ያሉ ድርጅቶች ወደ ገበያው ሲመጡ ዓይናችሁን ከእነርሱ ላይ አታንሱ። ገበያችን ገና ለጋ ነው፤ የተመዘገቡት ጥቂት ናቸው፣ መሸጥ በፈለጋችሁበት ቀን ገዢ ላታገኙ ትችላላችሁ። ይህ ብቻውን የቅርብ ጊዜ ገንዘብን ከዚያ ለማራቅ በቂ ምክንያት ነው።

በኅዳርና በታኅሣሥ፣ ከጠቅላላ ጉባኤ በኋላ የትርፍ ድርሻ ሲከፈል ለገና በግ ከማዋላችሁ በፊት መልሳችሁ አክሲዮን ግዙበት። የረጅም ጊዜ ሀብት የሚያድገው በአብዛኛው ከዚያ ነው። በቴሌግራም «በወር 20 በመቶ» የሚላችሁን ሰው ደግሞ ፈቃዱን ከኢትዮጵያ ካፒታል ገበያ ባለሥልጣን እንዳገኘ ጠይቁት፤ ከሌለው እዚያው ላይ ንግግሩ ያብቃ።

ከእናንተ ውስጥ ልታማክሩኝ የምትፈልጉ ባዶ እጃችሁን አትምጡ። የመጨረሻውን የደመወዝ ወረቀታችሁን፣ ዕዳ ካለባችሁ የዕዳውን ውል፣ በሚቀጥሉት ሦስት ዓመታት ሊመጣባችሁ የሚችለውን ትልቅ ወጪ የጻፋችሁበትን ወረቀትና የምትገዙትን ድርጅት በኦዲተር የተመረመረ የሒሳብ መግለጫ ይዛችሁ ኑ። ከሰዓት በኋላ ቤት ነኝ፤ አብረን እናሰላዋለን።