ደወል ይደወላል፣ ቃጭል ያቃጭላል

ጥያቄ፦ የምንኖረው ሚኒሶታ ነው። ልጄ አማርኛ የምትማርበት ቦታ ለገና «ጂንግል ቤልስ»ን በአማርኛ ሊያዘምሯቸው ነው። የተሰጣቸው ግጥም «ደወሉ ደወለ፣ ገና ደረሰ» ብሎ ይጀምራል። ጆሮዬን ቆረቆረኝ፣ ግን ለምን እንደሆነ ማስረዳት አቃተኝ። ባለቤቴ «ደወል ሆነ ቃጭል ምን ለውጥ አለው?» ይላል። ለውጥ አለው? ደግሞስ ስኖውን «በረዶ» ማለት ይበቃል?

መልስ፦ ጆሮዎ ልክ ነው። ለውጥም አለው፣ ያውም ትልቅ።

ከግሱ እንጀምር። መደወል የሰው ሥራ ነው። ሰው ይደውላል፣ ደወሉ ይደወላል። እኔ የተማርኩበት ትምህርት ቤት ደወል ከዛፍ ላይ የተንጠለጠለ የመኪና ቸርኬ ነበር። ዘበኛው በብረት ሲመታው «ተደወለ!» እንልና ወደ ክፍል እንሮጣለን። «ደወለ» ብለን አናውቅም፣ «ደወለ» ካልን ዘበኛውን ማለታችን ነው። ስልክ ሲመጣም ቋንቋችን ይህን ልዩነት ይዞ ነው የቀጠለው። እህትዎ ከአዲስ አበባ ትደውላለች፣ የእርስዎ ስልክ ደግሞ ያቃጭላል፤ ወይም ይጠራል። «ስልኩ ደወለ» የሚል ሰው አሁን አሁን እየበዛ ነው፣ እኔ ግን አልመክርም። ደዋይዋና ስልኩ ሁለት የተለያየ ሥራ ነው የሠሩት፣ አማርኛም ለሁለቱም ግስ አለው።

አሁን ወደ ዕቃው። ደወል ቅርጹ ምንም ይሁን ምን ባለበት ሆኖ የሚመታ ነው። ቸርኬውም ደወል ነው። በጣና ገዳማት ያለው የድንጋይ ደወልም፣ ጠፍጣፋ ድንጋይ ተሰቅሎ በሌላ ድንጋይ የሚመታው፣ ደወል ነው። ቃጭል ግን ከተሸካሚው ጋር ይሄዳል። በሬው አንገቱን ሲያነሳ፣ በቅሎዋ ስትራመድ ድምፅ ይሰጣል። በቅዳሴ ጊዜም ዲያቆኑ ቃጭሉን በእጁ ይዞ ያንቃጭለዋል እንጂ አይደውለውም። «ለድመት ቃጭል ማን ይሰር?» ስንል ያው ይኸው ነው፣ ድመቷ ስትንቀሳቀስ እንድትሰማ ነው የተፈለገው። «ለድመት ደወል ማን ይሰር» ያለ ሰው ሰምቼ አላውቅም። ድምፁ ራሱ ሲቀር ደግሞ ግሱ ለትዝታ ያገለግላል፦ «ያለችኝ ነገር እስከ ዛሬ ጆሮዬ ላይ ያቃጭላል።»

(በነገራችን ላይ ሦስተኛም አለ፣ መረዋ። መረዋ ደወል ነው፣ ዛሬ ግን አብዛኞቻችን የምናውቀው ዘፋኝ ስናሞግስ «ድምፀ መረዋ» ከምንለው ነው። ከቃጭል የሚያንሰው ሻኩራም አለ፣ በጽና ሰንሰለት ላይ የምናየው። ለልጆች ግን ቃጭል ይበቃል።)

ታዲያ ዘፈኑ የቱን ነው የሚለው? ይህን ለመመለስ የዘፈኑን ታሪክ ማየት የግድ ነው።

የደረሰው ጄምስ ሎርድ ፒርፖንት የሚባል አሜሪካዊ ነው። አባቱ ቄስ ነበሩ፤ የእህቱ ልጅ ደግሞ የኋላው ታዋቂ የባንክ ሰው ጄ. ፒ. ሞርጋን ነው። ዘፈኑ ቦስተን ውስጥ የታተመው እ.ኤ.አ. በመስከረም 1857 ነው፣ እኛ ዘንድ ዐፄ ቴዎድሮስ ከነገሡ ሁለት ዓመት አለፍ ብሎ። ርዕሱ ያኔ «ጂንግል ቤልስ» አልነበረም፣ «ባለ አንድ ፈረሱ ክፍት ተንሸራታች» እንደማለት ነበር፤ ተንሸራታች ያልኩት በረዶ ላይ ፈረስ የሚጎትተውን ጎማ አልባ ጋሪ ነው። ቃጭሉ ርዕስ ላይ የወጣው በ1859 እንደገና ሲታተም ነው። ሕዝብ ፊት መጀመሪያ የቀረበውም በቦስተን ኦርድዌይ አዳራሽ ነው፣ ነጮች ፊታቸውን ጥቁር ተቀብተው ጥቁሮችን እያስመሰሉ በሚያሳዩት ትርኢት ላይ። ይህ ደስ የማይል ታሪክ ነው፣ ግን የዘፈኑ ታሪክ ነውና መዝለል አልፈልግም። ሜድፎርድና ሳቫና የተባሉት ከተሞች «የተጻፈው እኛ ጋ ነው» እያሉ እስከ ዛሬ ይከራከራሉ፣ ሁለቱም የመታሰቢያ ጽሑፍ አቁመዋል።

ለእርስዎ ጥያቄ የሚጠቅመው ግን ውስጡ ያለው ነው። ሙሉውን ግጥም ቢያነቡት ገና የሚል ቃል የለም። ክርስቶስም፣ ልደትም፣ ስጦታም የለም። ያለው ጎረምሳ ነው። ፈረሱን ጭኖ፣ አንዲት ወይዘሪት አጠገቡ አስቀምጦ፣ በረዶው ላይ ይነዳል፤ ፈረሱ ከሲታና እድለ ቢስ ቢጤ ነው፣ ክምር በረዶ ውስጥ ይገባና ሁለቱም ይገለበጣሉ። የበረዶ ወራት የወጣቶች ጨዋታ ነው በቃ። ከበዓሉ ጋር የተጣበቀው ወራቱ ስለገጠመ ነው። ይህ ለእኛ እንግዳ ነገር አይደለም። የእኛም የገና ጨዋታ እረኞችና ወጣቶች ሜዳ ላይ ሩር የሚያሳድዱበት ነው፣ ስሙን ግን ከበዓሉ ወስዶ «በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ» ይባልለታል። ስለዚህ «ገና ደረሰ» የሚለውን ስንኝ ቢያወጡት ዘፈኑ ምንም አይጎድልበትም።

በረዶ ያሉኝ ጋ ስደርስ ደስ ይለኛል፣ የነገሩ ቁልፍ እዚያ ነው። አገር ቤት «በረዶ ጣለ» ሲባል የሚታየን ምንድን ነው? ክረምት ነው። ቆርቆሮውን ይደበድበዋል፣ እርስ በርስ መሰማማት አንችልም፣ ልጆች እየሮጡ ወጥተው ይለቅማሉ። በረዶ ለእኛ ድምፅ አለው። እናንተ ጋ የሚወርደው ግን እንደ ባዘቶ ነው፤ ሌሊቱን ሙሉ ሲጥል አድሮ ማንም አይሰማውም። ጠዋት መስኮት ከፍተው ነው የሚያዩት። የፈረስ ኮቴ እንኳን እላዩ ላይ ድምፁ ይጠፋል። ተንሸራታቹ ጎማ የለው፣ አይንቋቋ። በዚያ ላይ ቶሎ አይቆምም። ማዕዘን ላይ ከዚያ ወገን የሚመጣው ሰው አይቶ እስኪሸሽ ጊዜ የለም። ለዚህ ነው ፈረሱ ላይ ቃጭል የሚታሰረው። የዛሬ መኪና ጥሩንባ እንደማለት ነው። ጌጥ የመሰለው በኋላ ነው።

ስለዚህ ዘፈኑ ውስጥ የሚሰማው ደወል አይደለም። ማንም አይደውለውም፤ ፈረሱ በሮጠ ቁጥር ራሱ ያቃጭላል፣ ልክ እንደ በቅሎዋ። «ደወሉ ደወለ» ሲባል ጆሮዎን የቆረቆረዎት ይኼ ነው፦ ሰውዬው የለም፣ ቤተ ክርስቲያን የለም፣ ትምህርት ቤት የለም፣ ማን ደወለ?

ለስኖው «አመዳይ» የሚል የቆየ ቃል አለን፤ መዝሙረ ዳዊት ላይ ከባዘቶ ጋር ተመሳስሎ ያገኙታል። የሚያምር ቃል ነው፣ ከልቤ ቢመለስ እወዳለሁ። ለልጅዎ ግን «በረዶ» ይበቃታል፣ መስኮቷ ላይ እያየችው ነውና አትሳሳትም። ተንሸራታቹን «ጋሪ» ይበሉት። ቢሾፍቱ ሄዳ ባለ አንድ ፈረስ ጋሪ የተሳፈረች ልጅ ከሆነች ወዲያው ይገባታል፣ ጎማው እንደሌለው ብቻ ይንገሯት።

ለልጅዎ አንድ ነገር ይንገሯት፣ ትወደዋለች። ከምድር ውጭ በሙዚቃ መሣሪያ መጀመሪያ የተጫወቱት ይህን ዘፈን ነው። እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 16 ቀን 1965 ጀሚናይ 6 በተባለችው የአሜሪካ መንኩራኩር ላይ የነበሩት ሁለት ጠፈርተኞች፣ ዋሊ ሺራና ቶም ስታፎርድ፣ አንድ እንግዳ ነገር ከሰሜን ወደ ደቡብ ሲበር አየን ብለው ምድር ያሉትን አስጨነቁና፣ ድንገት ሺራ ሃርሞኒካውን፣ ስታፎርድ ደግሞ ትንንሽ ቃጭሎቹን አውጥተው «ጂንግል ቤልስ»ን ተጫወቱላቸው። ቃጭሎቹ ዛሬ ዋሽንግተን በሚገኘው የስሚዝሶኒያን የአየርና የጠፈር ሙዚየም ስብስብ ውስጥ ናቸው።

አዝማቹን እኔ እንዲህ ሞክሬዋለሁ፣ ለመምህሯ ያሳዩልኝ፤ ዜማው ላይ ካልገጠመ እንደሚመቻቸው ያቃኑት፦

ያቃጭል ያቃጭል ቃጭሉ፣
እስክንደርስ መንገዱን ሁሉ፤
በክፍት ጋሪ ባንድ ፈረስ፣
ሽው ስንል አቤት ደስ!

ትንሽ ቃጭል ካገኙ ደግሞ እጇ ላይ ይሰሩላት። እየዘለለች ትዘምረው፣ አትምታው፤ ራሱ ያቃጭላል።