ክሮም ላይ የሚሠራው ሰርተፊኬት አፑ ላይ ለምን እምቢ ይላል?

ሰላም ወንድሜ። ሳይቱ ላፕቶፕ ላይ በክሮም ያለችግር ይከፈታል፣ የአንድሮይድ አፑ ግን «ሰርተፊኬቱ አይታመንም» ይላል ብለሃል። የሳይቱን ማንነት የሚያረጋግጠው ሰርተፊኬትህ ደህና ነው፤ የጎደለህ መካከለኛው ሰርተፊኬት ነው። የሌትስ ኢንክሪፕት (ሰርተፊኬቱን የሰጠህ ድርጅት) ሩት፣ ማለትም ስልኮችና ብራውዘሮች አስቀድመው የሚያምኑት ዋና ሰርተፊኬት፣ ያንተን ሰርተፊኬት በቀጥታ አይፈርምም፣ በመሃል ሌላ ሰርተፊኬት አለ፣ እሱንም ሰርቨርህ አብሮ መላክ አለበት። ክሮም የጎደለውን ራሱ ፈልጎ ስለሚያወርድ ጉድህን ይሸፍንልሃል። አፕና ከርል (ከተርሚናል ሊንክ የሚጠራው መሣሪያ) ግን እንዲህ ዓይነት ውለታ አያውቁም።

የዌብ ሰርቨርህን የኤንጂንኤክስን ኮንፊግ ክፈትና ሰርተፊኬቱ የተጠቆመበትን መስመር እይ። «ሰርት» የሚለው ፋይል ከሆነ (እኔም በዚሁ አንድ ሌሊት ሙሉ ተቃጥያለሁ) ያንተንም መካከለኛውንም ሰርተፊኬት አብሮ ወደያዘው «ፉልቼይን» ቀይረውና ሪሎድ አድርግ። ሪሎዱን እንዳትረሳው! ኦፕን ኤስኤስኤል በሚባለው የሰርተፊኬት መፈተሻ ስትፈትሸው ማረጋገጫው 21 (ማረጋገጥ አልቻልኩም) ሳይሆን 0 (ደህና ነው) ከመለሰ አለቀ።

ከዚያ በኋላም አንዳንድ አሮጌ ስልክ ላይ ብቻ እምቢ ካለ የአንድሮይዱን ቨርዥን እይ። ከ7.1.1 በታች ያሉት የሌትስ ኢንክሪፕትን ሩት አያውቁትም፣ እነሱ በሚያውቁት አሮጌ ሩት የተፈረመውና ያሠራላቸው የነበረው ፊርማም 2024 ላይ አብቅቷል፤ ለእነሱ ሩቱን አፑ ውስጥ መክተት ነው። አፑ ሰርተፊኬት የሚያረጋግጥበትን አጥፋው የሚልህ ካለ ግን አትስማው፣ በሩን ከነቁልፉ ማስረከብ ነው።