ልጁ ቆርኪ ይለቅማል፤ ምን ይሻላል?

ስለ ልጆች ጨዋታ ከወላጆች ለደረሱኝ ጥያቄዎች የሰጠኋቸው መልሶች እነሆ።

ልጄ 4 ዓመቱ ነው። ከውጭ ያስመጣንለት መኪናዎች ተደርድረው፣ እሱ ኮንዶሚኒየሙ ግቢ ወርዶ ቆርኪና ጠጠር ሲለቅም ይውላል። የጎደለው ነገር ይኖር ይሆን?

ምንም አልጎደለውም። የተገዛው መኪና ሁልጊዜም መኪና ነው። ቆርኪ ግን ጠዋት ሲኒ፣ ከሰዓት ሳንቲም፣ ማታ ጎማ ይሆናል። ዕቃ ዕቃ ተጫውቶ ያደገ ሰው ያውቀዋል፤ ቅጠሉ ጎመን፣ ቀይ አፈሩ በርበሬ ነበር። እንግሊዛዊው ቀራፂ ሳይመን ኒኮልሰን በ1971 እ.ኤ.አ. ያቀረበው ሐሳብም ከዚህ አይርቅም፦ ልጅ የሚፈጥረው፣ በዙሪያው የሚነሳ፣ የሚጣልና የሚለዋወጥ ነገር በበዛ ቁጥር ነው። ከእሱ በፊትም ዴንማርካዊው የመናፈሻ ነዳፊ ሶረንሰን፣ ልጆች እሱ የሠራላቸውን ሜዳ ትተው ግንባታ ቦታ ሲጫወቱ ያያል። በሐሳቡ መሠረትም በ1943 እ.ኤ.አ. ኮፐንሃገን ውስጥ እንጨትና ቁርጥራጭ የሞላበት መጫወቻ ተከፈተ። (የኛ ኮንዶሚኒየሞች ሲሠሩ የአሸዋ ክምሩ ላይ ማን እንደነበረ እናስታውሳለን።) ስለዚህ ካርቶን፣ ባዶ ጀሪካንና አሮጌ ነጠላ ጨምሩለት። ሚስማርና የጠርሙስ ስባሪ ግን ቀድማችሁ ልቀሙ። ታናሽ ካለው ደግሞ ቆርኪው ትን እንዳይለው ከሕፃኑ ይራቅ።

የልጅ ልጄ ጭቃ ሳያቦካ አይውልም። እናቱ «ልታሳምሚው ነው» እያለች ትቆጣኛለች። ማናችን ነን ልክ?

እማማ፣ ነገሩ ጭቃው ያለበት ቦታ ላይ ነው። የፍሳሽ ቱቦ የሚያፈስበት ወይም ሰው የሚጸዳዳበት አካባቢ ከሆነ ልጅዎ እውነት አላት፤ የወስፋት ዕንቁላል አፈር ውስጥ ለዓመታት ይቆያል፣ መንጠቆ ትልም በባዶ እግር ቆዳ በኩል ይገባል። ንጹሕ አፈር ከሆነ ግን ይፍቀዱለት። ጫማ ያድርግ፣ ጥፍሩ ይቆረጥ፣ ምግብ ሳይነካ በሳሙና ይታጠብ፤ የመንጋጋ ቆልፍ ክትባቱም እንዳያልፈው። ልብሱ እንደሆነ ይታጠባል።

የ5 ዓመት ልጄ ከማትታይ «እህቷ» ጋር ታወራለች። አማቴ ጠበል እንውሰዳት ይላሉ።

በዚህ ዕድሜ የተለመደ ነው፤ ብዙዎቹ ልጆች ራሳቸው እንደፈጠሯት አይጠፋቸውም። አማትዎን በጸሎታቸው አይከልክሏቸው፤ ልጅቷን ግን ታማለች አይበሏት። «እህቷ» የምታስፈራራት ወይም ራስሽን ጉጂ የምትላት ከሆነ፣ ወይም እንቅልፍና ምግብ ካስከለከለቻት፣ ያኔ ሐኪም ያማክሩ።

ልጅ በቀን ስንት ሰዓት ቢጫወት ይበቃል?

የዓለም ጤና ድርጅት በ2019 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ፣ ለ3 እና ለ4 ዓመት ልጅ በቀን ቢያንስ 180 ደቂቃ እንቅስቃሴ ይላል፤ ከዚህ ውስጥ 60ው የሚያስለከልክ ይሁን። ተቀምጦ ስልክና ቴሌቪዥን ማየት ከ1 ሰዓት አይለፍ።

ልጄ ግቢ ውስጥ «ሱቅ» ከፍቷል። አብሬው ልጫወት ስወርድ «አባቢ፣ ሂድ» ይለኛል።

ይሂዱ። መኪና በሚገባበት በር በኩል ሆነው ጋዜጣዎን ያንብቡ። ሱቁ ደንበኛ ሲያጣ ራሱ ይጠራዎታል።