ካርታው ከቁፋሮው መቅደም አለበት

የማዕድን ፈቃድ በሚቆጣጠር ክፍል ውስጥ የጂአይኤስ (የቦታ መረጃን በኮምፒውተር ካርታ የመተንተን) ሥራ እንደተሰጠዎት ገልጸው፣ ከየት መጀመር እንዳለብዎና የተቆፈረ መሬት ማገገሙን ከሳተላይት ምስል ብቻ ማረጋገጥ ይቻል እንደሆነ ጠይቀዋል። በዚህ ሥራ ከአሥር ዓመት በላይ ስለቆየሁ ካጋጠመኝ ተነሥቼ ልመልስልዎ። ለሁለተኛው ጥያቄ መልሴ አይቻልም የሚል ነው፤ ምክንያቱን ወደ በኋላ እገልጻለሁ። የመጀመሪያው ሰፊ ማብራሪያ ስለሚፈልግ ከእርሱ ልጀምር።

ከሁሉ በፊት የፈቃድ ወሰኖችን ይመርምሩ። እያንዳንዱ ወሰን መቼ፣ በምን መሣሪያ፣ በየትኛው ዳተም (የቦታ መለኪያ መነሻ ሥርዓት) እና ፕሮጀክሽን (ክቡን ምድር በጠፍጣፋ ካርታ ላይ የማስፈር ዘዴ) እንደተለካ በሰንጠረዡ ላይ ካልሰፈረ፣ ክርክር በተነሣ ጊዜ ማስረጃ ሆኖ አይቆምም። አንድ ጊዜ የአንድ ድንጋይ ካባ ወሰን በምስል ላይ ስደርብ፣ ቁፋሮው ከተፈቀደው ቦታ ከመቶ ሜትር በላይ አልፎ ታየኝ፤ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤም ተረቀቀ። ደብዳቤው ወጪ ከመሆኑ በፊት ግን አንድ የመስክ ባልደረባዬ በወሰን ድንጋዮቹ ላይ ቆሞ ከጂፒኤስ ያነበባቸውን ቁጥሮች ላከልኝ። ከፋይሉ ጋር ሳመሳክራቸው ሁሉም ማዕዘኖች ወደ አንድ አቅጣጫ በእኩል ርቀት ተንሸራተው አገኘኋቸው። በአሮጌ ዳተም የተለካው ወሰን ጂፒኤስ በሚጠቀምበት ዳተም፣ በደብሊውጂኤስ 84፣ እንደተለካ ተደርጎ ተመዝግቦ ኖሯል። ስለዚህ ወሰን ተገፋ ከማለትዎ በፊት ቢያንስ ሦስት ማዕዘኖችን በመስክ ያስነብቡ፤ ሦስቱም አንድ ዓይነት ልዩነት ካሳዩ ስሕተቱን ከባለፈቃዱ ሳይሆን ከፋይሉ ይፈልጉ።

ወሰኑ ከተስተካከለ በኋላ የርቀት ገደቦችን በባፈር (በአንድ ነገር ዙሪያ በተወሰነ ርቀት በሚሰመር ክልል) መፈተሽ ቀላል ነው። ለምሳሌ እ.ኤ.አ. የ1977ቱ የአሜሪካ የገጸ ምድር የድንጋይ ከሰል ቁፋሮ ሕግ፣ ከተወሰኑ ልዩ ሁኔታዎች በቀር፣ ሰው ከሚኖርበት ቤት በ300 ጫማ፣ ከመቃብር ቦታ ደግሞ በ100 ጫማ ርቀት ውስጥ መቆፈርን ይከለክላል። እንዲህ ያለውን ገደብ ሶፍትዌሩ በደቂቃዎች ውስጥ ያሳይዎታል።

ከሁሉ የሚከብደው፣ ካመለጠም የማይመለሰው፣ መሬቱ ከመነካቱ በፊት የነበረበትን ሁኔታ መመዝገብ ነው። የመሬቱ ቅርጽ፣ የተዳፋቱ ልክ፣ የውኃው መውረጃ፣ የለም አፈሩ ጥልቀትና የዕፅዋቱ ዓይነት አስቀድሞ ካልታወቀ፣ ከዓመታት በኋላ መሬቱ ወደ ነበረበት ተመልሷል ማለት ከምን ጋር ተነጻጽሮ ነው? ቁፋሮው ቀድሞ ከተጀመረ፣ እ.ኤ.አ. ከ1972 ጀምሮ የተከማቹት የላንድሳት ሳተላይቶች ምስሎች የቀድሞውን የመሬት ሽፋን በመጠኑ ያሳያሉ። እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 2000 ከጠፈር መንኮራኩር በራዳር የተለካው የኤስአርቲኤም የከፍታ መረጃም ከዚያ በኋላ በተከፈቱ ቦታዎች ስለ ጥንተ ቅርጹ ጥቅል ግንዛቤ ይሰጣል። የከፍታ ስሕተቱ ግን ብዙ ሜትር ሊደርስ ስለሚችል የአፈር መጠን አያሰሉበት።

የአፈር መጠን ለማስላት የድሮን ወይም የሊዳር (ከፍታን በሌዘር ጨረር የሚለካ መሣሪያ) ልኬት ያስፈልጋል። የሁለት ጊዜ የከፍታ ሞዴሎችን (የመሬቱን ከፍታ በየነጥቡ የያዙ ካርታዎችን) አቀናንሶ ምን ያህል እንደተቆፈረና ምን ያህል እንደተሞላ ማወቅ ይቻላል፤ ሆኖም ትንሽ የምትመስል ስሕተት እዚህ ላይ ትገዝፋለች። በአንድ ሄክታር ላይ ከፍታው በ10 ሴንቲ ሜትር ብቻ ቢዛነፍ ልዩነቱ 1,000 ሜትር ኩብ አፈር ነው። ስለዚህ በመሬት ላይ የተለኩ የመቆጣጠሪያ ነጥቦች ከሌሉት የድሮን ውጤት አይቀበሉ፤ ከእነዚያም የተወሰኑት ለማረጋገጫ ብቻ ተለይተው ይቀመጡ። ሣር በበቀለበት ቦታ ደግሞ የድሮን ፎቶ የሚለካው የሣሩን ጫፍ መሆኑን አይርሱ።

አሁን ወደ ሁለተኛው ጥያቄዎ ልመለስ። የዕፅዋት ሽፋንን ለመከታተል በብዛት የምንጠቀመው ኤንዲቪአይ የተባለውን መለኪያ ሲሆን፣ የሚሰላውም ከቅርብ ኢንፍራሬድ ላይ ቀዩን ብርሃን ቀንሶ ለሁለቱ ድምር በማካፈል ነው። ሴንቲኔል 2 የተባለው ሳተላይት እነዚህን ባንዶች (የብርሃን ክፍሎች) በ10 ሜትር ፒክስል፣ ማለትም አንዱ የምስል ነጥብ 10 ሜትር በ10 ሜትር መሬት በሚሸፍንበት ምስል፣ በነፃ ይሰጣል። ምስሎቹን በተመሳሳይ ወቅት፣ በአቅራቢያው ካለ ያልተነካ መሬት ጋር ካነጻጸሩ የትኛው ተዳፋት ወደ ኋላ እንደቀረ በግልጽ ይታያል። ቁጥሩ አረንጓዴ መኖሩን እንጂ ምን እንደበቀለ ግን አይናገርም። በካርታዬ ላይ ከሁሉ የተሻለ ሆኖ የታየኝን አንድ ተዳፋት በእግሬ ስወጣ፣ አብዛኛው ሥሩ ጣት የማያህል፣ በእጅ ሲሳብ ከነአፈሩ የሚነቀል አረም ነበር። ከሥሩም ጎርፍ የፈለፈላቸው፣ ክንድ የሚያስገቡ ቦዮች ወደ ታች ይወርዱ ነበር። 10 ሜትር በሆነ ፒክስል እንዲህ ያለ ቦይ አይታይም። ያንን ቦታ አገግሟል ብዬ በወረቀት ብፈርም ኖሮ ከታች ባለው ጅረት የሚጠቀሙት ሰዎች ዕዳውን ይሸከሙት ነበር፤ ይህን ሳስብ አሁንም ያሳዝነኛል።

ጉዳዩ የገንዘብም ጉዳይ ነው። ቀደም ሲል በጠቀስኩት የአሜሪካ ሕግ መሠረት፣ ጉድጓዱ ተሞልቶ፣ መሬቱ ተስተካክሎ፣ የውኃ መውረጃውም ከተበጀ በኋላ ባለፈቃዱ መሬቱን መልሶ ለማስተካከል ካስያዘው የገንዘብ ዋስትና እስከ 60 በመቶ ሊለቀቅ ይችላል፤ ባለፈቃዱ ለዕፅዋቱ የሚጠየቅበት ጊዜ ግን 5 ዓመት፣ አማካይ ዓመታዊ ዝናቡ 26 ኢንች ወይም ከዚያ በታች በሆነበት አካባቢ ደግሞ 10 ዓመት ነው። አንዴ የተለቀቀ ዋስትናን ማስመለስ እጅግ አስቸጋሪ ስለሆነ፣ ከእያንዳንዱ የመልቀቂያ ውሳኔ ጋር በዚያ ቀን የነበረው ወሰን፣ የከፍታ ሞዴልና የመስክ ፎቶ አብሮ ተቀምጦ እንዲቆለፍ ያድርጉ። የቆየውን ፋይል በአዲሱ አይተኩት፤ አዲሱን በቀኑ ለይተው ከጎኑ ያስቀምጡት።

በተግባር እኔ የምሠራው እንዲህ ነው፦ ከጉብኝት በፊት ኤንዲቪአዩ የወረደባቸውን፣ ተዳፋቱ ከጸደቀው ዕቅድ በላይ የቆመባቸውንና ውኃ የሚሰበሰብባቸውን ቦታዎች በአንድ ካርታ ላይ ደርቤ፣ ተቆጣጣሪው በስልኩ ይዟቸው የሚሄድ ነጥቦች አደርጋቸዋለሁ። ከእነዚህም ሌላ ካርታው ደህና ነው ካላቸው ቦታዎች ሁለት ወይም ሦስት ነጥብ በዕጣ እጨምራለሁ፤ ያንን አረም ያገኘሁትም በዕጣ ከደረሰኝ ነጥብ ላይ ነበር።