ልጇ ኪከር እንዲሆን ለተጠየቀባት እናት፣ ረዘም ያለ መልስ

እህቴ፣ የሃይስኩሉ የአሜሪካ ፉትቦል አሠልጣኝ ልጅሽን «ኪከር ሁንና ፊልድ ጎል ምታልን» እንዳለው (ኳሷን በእግር መትቶ በጎሉ ሁለት ቋሚዎች መካከል ማሳለፍ ማለቱ ነው)፣ አንቺ ደግሞ «እግር ኳስ ያደገ ልጅ እዚያ ምን ይሠራል?» ብለሽ እንደጠየቅሽ አነበብኩ። የኔም ልጅ የገባው በዚሁ በር ነው።

1. እግር ኳሱን እንዲተው አታድርጊው። ድሮ አሜሪካኖቹ ፊት ለፊት ሮጠው በጫማ ጫፍ ነበር የሚመቱት። እ.ኤ.አ. በ1964 ቤተሰቡ ከሃንጋሪ የተሰደደው ፒት ጎጎላክ ለፕሮፌሽናሉ ቡድን ቡፋሎ ቢልስ ከጎን ተንደርድሮ በእግሩ ጀርባ መምታት ጀመረ። ኖርዌጂያዊው ጃን ስቴነሩድ ተከተለው። በጫፍ ከሚመቱት የመጨረሻው መደበኛ ኪከር ማርክ ሞዝሊ በ1986 ሲያቆም በጫፍ መምታቱም አብሮት ቀረ። ይህን ሥራ የቀየሩት ከውጭ የመጡ ልጆች ናቸው፤ ለልጅሽ ንገሪው፣ እኔም ለልጄ ነግሬዋለሁ። የዳላስ ካውቦይሱ ኪከር ብራንደን ኦብሪም እግር ኳስ ተጫውቶ፣ ከዚያ ሶፍትዌር ሲሠራ ቆይቶ ነው በ2023 ወደ ፕሮፌሽናሉ ሊግ (NFL) ገብቶ የመጀመሪያዎቹን 35 ፊልድ ጎሎች ሳይስት ያገባው።

2. «ስንት ያርድ ይመታል?» የሚልሽን ሰው አትስሚ (ያርድ ከሜትር ትንሽ ያንሳል)። ቶም ዴምፕሲ በ1970 ከ63 ያርድ አገባ። ዛሬ ክብረ ወሰኑ ካም ሊትል በ2025 የመታው 68 ነው። ከሃምሳ ዓመት በላይ አልፎ የጨመረው አምስት ያርድ ነው! የተለወጠው አለመሳት ነው። በ1960ዎቹ ከሚመታው የሚገባው ከግማሽ ብዙም አይዘልም ነበር፤ አሁን ከመቶ 85 አካባቢ ይገባል፤ ያውም በ1974 የጎሉን ቋሚ 10 ያርድ ወደ ኋላ ወስደውባቸው። ምክንያቱ የእግር ጉልበት ብቻ አይደለም። ኳሷን ወደ ኋላ የሚልከው ስናፐር፣ ተቀብሎ የሚያቆማት ሆልደርና መቺው ሳምንቱን ሙሉ አብረው ይለማመዳሉ። ከመላክ እስከ መምታት 1.3 ሰከንድ ገደማ ነው።

እኔን ያቃጠለኝ እዚህ ላይ ነው። ስሙን የማልጠራው አንድ የኪከር ካምፕ ብዙ ገንዘብ ተቀበለን። ልጆቹ የቆመች ኳስ ባዶ ሜዳ ላይ ሲመቱ ይውላሉ፤ ስናፐር የለ፣ ሆልደር የለ፣ እጁን ዘርግቶ የሚዘል ተከላካይ የለ። «55 ያርድ ይመታል» ብለው ኮከብ ያለበት ወረቀት ሰጡን። ዓርብ ማታ ጨዋታ ሲመጣ ልጄ ኳሷ ስትደርስ ገና እየተንደረደረ ነው፤ ዝቅ አድርጎ ስለሚመታም ተከላካዮቹ በእጃቸው መለሱበት። የቀረውን ክፍያ እንዲመልሱልን ቢሯቸው ብሄድ፣ ጠረጴዛው ላይ ያለችው ሴት ቀና እንኳ ሳትል «ፖሊሲያችንን ድረ ገጹ ላይ አንብብ» አለችኝ። እስካሁን ያንገበግበኛል።

ልጄን ያዳኑት የራሱ ቡድን ስናፐርና ሆልደር ናቸው። ቅዳሜ ቅዳሜ ሜዳ ይዣቸው እሄዳለሁ፣ ከዚያ ባለቤቴ ፍርፍር ታበላቸዋለች፤ ሁለቱም ሀበሻ አይደሉም፣ በእጃቸው ነው የሚበሉት። ባለፈው ወቅት ከ44 ያርድ የማሸነፊያዋን ሲያገባ ሦስቱ ተቃቅፈው ወደቁ። ኮራሁ፣ አልደብቅሽም።

3. ኮሌጅ ካሰበ ከአሁኑ ከመሬት ይምታ። ሃይስኩል ኳሷ ሥር ትንሽ መደገፊያ ይፈቀዳል፤ ኮሌጅ ከ1989 ጀምሮ ከልክሏል። የሃይስኩሉ ጎል ስፋት 23 ጫማ ከ4 ኢንች ነው፣ የኮሌጁ 18 ከ6።

ነገ አሠልጣኙን «ማን ይልክለታል? ማን ያቆምለታል? በሳምንት ስንቴ አብረው ይለማመዳሉ?» ብለሽ ጠይቂው። ካምፕ ካማረሽም ይህንኑ ጠይቀሽ ሳይመልሱልሽ ካርድሽን እንዳታወጪ።